ሁለት ትኬት

ሴትዮዋ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ባሏን ግራና ቀኝ ደግፋ ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን የተገጠሙ በምትመስለው ባለመንታ ቀፎ የሕዝብ ጀልባ ላይ አስቀመጠችው። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፋችለትና ራሱን በትከሻዋ አስደገፈችው።

ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ።

«እማማ፣ አባባን ይቀስቅሷቸውና ትኬት ያሳዩኝ።»

«አይቀሰቀስም። ሁለት ትኬት ይኸውልህ። እሱ በዚህ ወንዝ ሠላሳ ዓመት በታንኳ ሰው ሲያሻግር፣ ሙሽራም ሆነ ሕመምተኛም ሆነ ሬሳ መልሶ አያውቅም።»

ተቆጣጣሪው እያጉረመረመ አለፈ።

ማዶ ሲደርሱ የእድሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። ተቆጣጣሪው ቃሬዛውን አየ፤ ዞሮም ከጀልባዋ በር በላይ የተለጠፈውን «አስከሬን መጫን ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አየ።

ሴትዮዋ ኮፍያውን ከባሏ ራስ ላይ አወለቀችና ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች።

«በል ልጄ፣ አንተ በእግሩ በኩል ያዝ» አለችው።