የፈንታሁን ኮሶ

ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ በመሸገ በሁለተኛው ዓመት፣ የጉና ሥር ወንድ ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ሲገባ፣ ፈንታሁን ግን ኮሶ ይጠጣ ነበር።

ኮሶ መጠጣት ነውር አይደለም። ጥሬ ሥጋ የበላ ሁሉ ይጠጣዋል፤ የጠጣ ቀን ከቤት አይወጣም፣ ዳኛም ቢሆን አይጠራውም። የፈንታሁን ነውር ሌላ ነው። እሱ የሚጠጣው ልክ ጦሩ በሚነሣበት ጧት ነበር። ሦስት ጊዜ! ሦስቴም አስመለሰው፣ ሦስቴም መደብ ላይ ተዘርሮ ዋለ፤ ትሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

አገሩ አወራ። አወራ ስላችሁ በሹክሹክታ እንዳይመስላችሁ! ወንዝ ዳር፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር፣ "ኮሶ ጠጭው እንዴት ዋለ?" ሆነ ሰላምታው።

ከሁሉ የባሰችበት ሚስቱ ትርንጎ ናት። እሷ ኮሶ ዛፍ ሥር ያደገች የጉና ልጅ፤ ሁለት ወንድሞቿን ጣልያን በመጣ በዓመቱ ቀብራለች። እሱ የፎገራ ሰው ነው፤ አገሩ ከብት እንጂ ኮሶ አያውቅም።

"በል ጨልጥ!" ትለዋለች ዋንጫውን እያቀበለች። "ሆድህ ትል ይዞ ልትዘምት ነው? እኔስ አፈርኩብህ፤ ጎረቤት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ!"

እሱም አንገቱን ደፍቶ ይጨልጣል።

በአራተኛው ጥሪ የጦሩ አለቃ ባላምባራስ ገብረኪዳን ራሳቸው ስድስት ሰው አስከትለው መጡ። ፈንታሁን ደጅ ላይ አጎንብሶ ያስመልሳል።

"ዛሬም?" አሉ።

"ዛሬም፣ ጌታዬ።"

ባላምባራስ ሁሉንም አስከትለው ገብተው ከሙቀጫው አጠገብ ሳይወቀጥ የቀረ የኮሶ ዘለላ አነሡ። ነጣ ያለ ነው።

"ይኼማ ወንዴው ነው! የሚጠጣው ቀዩ፣ ሴቴው ነው። ወንዴው ያስመልሳል እንጂ ትል አይነካም።"

"ኮሶ ደግሞ ወንድና ሴት አለው?" አለ ፈንታሁን።

"አይ ፎገሬ! እናንተ አገር ወይፈን ይታለባል እንዴ?" አለ አንዱ።

"ወንድነት ቢያንሰው ወንዴውን መጠጣቱ ነዋ!" አለ ሌላው። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ።

ባላምባራስ አልሳቁም። "መዳን የሚሻ ሰው ይህን አይቆርጥም። ማነው የቆረጠው?"

ፈንታሁን ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ትርንጎ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ምን ታድርግ፣ እንዲህ ያለ ባል ይዛ!

"እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "ፈርቼ ነው።"

ስድስቱም ተፉ።

"እንግዲያስ ዛሬ ከሁሉ ፊት ትሄዳለህ" አሉ ባላምባራስ።

"እሄዳለሁ።"

ጠመንጃውን አወረደ፣ አፉን በእጁ ጠረገና ከፊት ቀደመ። ትርንጎ ደኅና ግባ እንኳ አላለችውም።

ሰዎቹ ኮረብታውን ሲሻገሩ፣ ለሚቀጥሉት ጥሪዎች ብላ በገዛ እጇ ቆርጣ ያደረቀችውን ነጭ ዘለላ ሁሉ ከጎታው ኋላ አውጥታ እሳት ላይ ደፋችው።