የጋሽ ቆይ ኩርፊያ

ጋሽ ቆይን ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ያወረዱት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጉዳዩ አሥር ደቂቃም አልፈጀ።

እውነተኛ ስሙ ሌላ ነበር። «ጋሽ ቆይ» ብለው ያወጡለት መዘምራኑ ናቸው። በሰባት ዓመት ስብሰባ ከአፉ የሚወጣው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ማንኛውም ችግር ሲነሳ «ቆይ፣ እኔ አየዋለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ችግሩ ተመልሶ አይነሳም።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መሐንዲስ ነበር፤ ዕቅድና ሪፖርት የሚወድ ሰው።

«አይሰብክ፣ አያስተምር፣ ሐሳብ አያመጣ» አለ። «ወንበር ከማሞቅ በቀር ሥራው ምንድን ነው? ቆይ ቆይ ሲል እኮ ሰባት ዓመት ቆየ።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። በሙያዋ መምህርት የሆነችው ጸሐፊ ቀና ሳትል ውሳኔውን ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈች። የተቃወመ የለም።

ጋሽ ቆይ እዚያው ተቀምጦ ነበር። «እሺ። እግዚአብሔር ይርዳችሁ» አለና የቁልፎቹን ዘለላ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ደረጃው ላይ ጥቂት ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ሄደ።

እሁድ አልመጣም።

«አኩርፏል» አለ ሰብሳቢው። «ተዉት፣ ይበርድለታል።»

በሁለተኛው እሁድ ዝናብ ጣለ። ውሃው በጣሪያው ገብቶ የፊተኞቹን አግዳሚ ወንበሮች አራሳቸው። መሐንዲሱ መሰላል አስመጥቶ ሲያይ አሸንዳው በቅጠል ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል።

«በሰባት ዓመት አንድ ቀን ተደፍኖ አያውቅም» አለ። «ዛሬ ምን ነካው?»

ቀጥሎ ማይኩ ስብከት መሃል እየጮኸ አስቸገረ። ከፊት ረድፍ ጠፍተው የማያውቁት ማየት የተሳናቸው እማማ መምጣት አቆሙ። በሰባተኛው ሳምንት ደግሞ በርዶ የነበረው የመዘምራኑ ጠብ አገረሸ፤ ግማሾቹ ልምምዱን ጥለው ወጡ።

«እዚህ ውስጥ የሰው እጅ አለበት» አለ ሰብሳቢው።

«የማን?» አለች ጸሐፊዋ።

«የማን ይሆናል? ቁልፉን ሳይመልስ በፊት ሌላ አስቀርጾ ይሆናል። እማማን ያስቀራቸው እሱ ነው። መዘምራኑንም የሚያባላቸው እሱ ነው። ዝምተኛ ነው ብለን ስንንቀው አድፍጦ ኖሯል!»

ጸሐፊዋ በሞባይሉ ሦስት ጊዜ ሞከረች። ዝግ ነው።

«ይኸው! ንጹሕ ሰው ሞባይሉን ምን ያስዘጋዋል?»

ተናደደች እንዳይባል ጸሐፊዋ አልተናደደችም። አዘነችም አይባልም። ይህንንም እንደ ሌላው ሁሉ መዝግባ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ወደ ጋሽ ቆይ ቤት ሄዱ። ቤቱን ከሽማግሌዎቹ አንድም ያየው ስላልነበረ አድራሻውን ከአባላት መዝገብ ነው ያገኙት። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርደው፣ ረጅም መንገድ በእግር ሄዱ። መሐንዲሱ ጫማው በጭቃ ተለወሰ፤ ይህም በጋሽ ቆይ ሒሳብ ተጻፈ።

የከፈተችላቸው ሴት ልጁ ነበረች። ልብስ እያጠበች ኖሮ እጇ በአረፋ ተሸፍኗል። «ግቡ» አለቻቸው።

«አንገባም» አለ መሐንዲሱ። «አባትሽን ጥሪልን።»

ከበሩ ሳትንቀሳቀስ አየችው። አባቷን የደበቀች መሰለው። ጥፋቶቹን የዘረዘረበትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ውስጥ ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ አሸንዳውን፣ ማይኩን፣ እማማን፣ መዘምራኑን፣ አንዱንም አላስቀረ።

«በእግዚአብሔር ቤት ላይ ቂም መያዝ ነውር ነው!» አለ ወደ ጓዳው እያየ። «ወጥቶ ፊት ለፊት ያናግረን!»

ልጅቷ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ናችሁ ማለት ነው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም እንባም አልነበረም።

«አባዬ ከሞተ ሰባት ሳምንት ሆነው። ለቀብሩ እንድትደርሱ ቢሮአችሁ ስደውል ዋልኩ፤ ለካ እዚያ ስልክ የሚያነሳው እሱ ብቻ ነበር።»