ከእጇ ሥር

እህትየዋ በሩንም መስኮቱንም ዘግታ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋች። የእናቷ አስከሬን ሳሎን ነበር፤ ለቅሶው ግን በስልክ ወደ ወንድሟ ጆሮ መግባት አልነበረበትም። እሱ ሌላ ከተማ ለልብ ቀዶ ጥገና ተኝቶ «እማዬ ሳትመርቀኝ ንቅንቅ አልልም» ብሏል፤ ሐኪሙ ደግሞ «እንዳታስደነግጡት» ብሎ አስጠንቅቋል።

ያገኘችው እናቷ ስትመርቅ የተቀረጸ የቆየ ቪዲዮ ነበር። ፋይሉ ከብዶ በወንድሟ ስልክ ስለማይከፈት፣ ሳይወርድ በኢንተርኔት እየሄደ እንዲታይ ወደ ቀላል ፎርማት መቀየር ጀመረች። ጥራቱን ቀነሰች። ጥጉ ላይ የታተመውን ቀን ቆርጣ ጣለች፤ ዓመቱ ያጋልጣታላ። የቅየራውን ሂደት የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር እየተንፏቀቀ ሄዶ ሊያልቅ ሲል ቀጥ አለ። «በናትህ» አለችው ኮምፒውተሩን፣ በሁለት እጇ ይዛ። «በናትህ፣ አታዋርደኝ።»

እንደምንም ሲያልቅ ሊንኩን ላከችለት። ብዙም ሳይቆይ ደወለ።

«አየኸው? አሁን ነው የቀረጽኳት። ደክሟት ነው እንጂ በስልክ ታወራህ ነበር።»

«አየሁት» አለ። «እጇ ያረፈበትን ጭንቅላትስ አንቺ አየሽው?»

ወደ ስክሪኑ ዞረች። ዓይኗ ቀኑና የእናቷ ፊት ላይ ብቻ ስለነበር ልብ አላለችውም፤ ከእናቷ መዳፍ ሥር ጎንበስ ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ወንድሟ ራሱ ነበር። በስልኩ ውስጥ አልጋው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እየተገፋ ሲንኳኳ ሰማች።

«አሜን ብያለሁ» አለ ወንድሟ። «ድምፅሽ ታፍኗል፤ በሩን እንደዘጋሽው ያስታውቃል። ክፈቺው፤ አልቅሼላት ልግባ።»