የእትዬ ውብአንቺ ዋስትና

አሁን የጭንቀት ክኒን ለማቆም ዋስ መጥራት ግዴታ ነው። ስታቆም ለአንድ ወር የሚመጣውን የነርቭ ንዝረት የሚሸከመው ዋስህ ነው። ጥልፍ ጠላፊዋ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ውብአንቺ፣ "ለወንድሜ ያልሆንኩ ለማን ልሆን ነው?" ብላ ፈረመችልኝ።

ይኸው ካቆምኩ ወር ሊሞላኝ ነው፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም። እሷን ግን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ድንገት ይነዝራታል። እጇ ይዘልና የቀሚሱ ጥልፍ ይጣመማል። ሳታማርር ትፈታውና እንደገና ትጀምራለች።

ዛሬ ጠዋት ስቃይዋን ማየት አላስቻለኝም፤ ጓዳ ገብቼ አንድ ክኒን በድብቅ ዋጥኩ።

ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ መርፌዋን አየሁ። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ቀና አለች።

"ዋጥክ አይደል?"

አንገቴን ደፋሁ።

"ሦስት ቀን እኮ ነበር የቀረን።"

በመርፌው አዲስ ክር አስገባች።

"ግድ የለም፣ ነገ እንደገና አቁም።"