ደረት ላይ የሚሰፋ ስም

ለሦስት ቀን የጠፋው የልብስ ሰፊው መቀስ ከገዛ ወንበሩ ሥር መገኘቱ ለመላው ቤተሰብ በይፋ ተበሰረ። እሱ ግን አልሰማም። በወታደር ልብስ ደረት ላይ እንዲሰፋቸው ከመጡለት የስም ጨርቆች አንዷን ይዞ ክው ብሎ ቀርቶ ነበር። ኮሌጅ ልመዝገብ ብሎ የወጣው ልጁ ስም፣ ከሰፊው ከራሱና ከአባቱ ስም ጋር ተሰልፎባታል።

«አባባ፣ የመከላከያ በጀት ይጨመር ወይስ ይቀነስ?» አለች መጠይቅ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ወጣት።

ሚስቱ ሳቀች። «እሱንማ አትጠይቂው! ይጨመር እያለ ሰፈሩን ሲያደነቁር ነው የከረመው።»

«ይቀነስ» አለ፣ ጨርቋን በመዳፉ ጨብጦ።

«ምን ነካህ ሰውዬ? የምንኖረው እኮ በዩኒፎርሙ ነው!»

«ምክንያትዎ?» አለች ጠያቂዋ።

«ምክንያት የለኝም። ይቀነስ ብለሽ ጻፊ።»