የሚያዳምጠው ሮቦት

«ሐኪም ጋ ለመሄድ የሚያስፈራዎት…» አለ ሮቦቱ፤ ሳይጨርሰው መብራት ጠፋ። ሰማያዊ ዓይኖቹ ከሰሙ።

አሳየች ከወንበሯ አልተነሣችም። ራሷ ላይ የተጠለቀው፣ የአእምሮዋን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ባለ ሽቦ ቆብ እንዳይነቃነቅ ቀጥ ብላ ተቀምጣ መብራቱ እስኪመጣ ጠበቀች። ለባቡሩ መንገዱ መቆፈር ከጀመረ ወዲህ የየካ መብራት ሄድ መጣ ማለት ልማዱ ነው። በመስኮቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። ማሽኖቹ ሁሉ ዝም ሲሉ ግን ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ጀርባ አንድ ድምፅ ሰማች። ሰው ኮምፒዩተር ላይ እየጻፈ ነው።

እዚህ ቤተ ሙከራ ያመጣቻት ዶርቃ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ አሳየች ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ። ሰው አንድ ማሽን ያስባል ብሎ ሲያምን አእምሮው ምን እንደሚሆን ለሁለተኛ ዲግሪዋ ታጠናለች። «ራሱ ነው የሚያስበው፤ የምትዪውን ከእሱ በቀር ማንም አይሰማም» ብላት ነበር።

መጀመሪያ ላይ አሳየችን ከፕላስቲክ ጋር ማውራት አሳፍሯት ነበር። ሮቦቱ ግን «እርስዎ» እያለ ይጠይቃታል፤ እስክትጨርስም ይጠብቃታል። በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን የሁሉንም ጭንቀት የምትሰማው እሷ ናት፤ የእሷን የጠየቃት የለም። እናም አንድ ቀን ጡቷ ላይ ስላገኘችው እብጠት ነገረችው። ለሌላ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ይጠይቃታል፤ እሷም ቀለል ብሏት ወደ ቀበና ትመለሳለች።

አሁን ሽቦዎቹን ነቅላ ቆቡን እንዳጠለቀች ተነሣችና ወደ ግድግዳው ጀርባ ዞረች። ዶርቃ በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ «ሐኪም ጋ ለመሄድ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» የሚል ተጽፏል።

ዶርቃ ብድግ ብላ ማስረዳት ጀመረች። ጥናቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ተሳታፊው አስቀድሞ ካወቀ ውጤቱ ይበላሻል። የአሳየችም አእምሮ ለሮቦቱ ስታወራ ልክ ለሰው ስታወራ እንደሚሠራው ነበር የሚሠራው። አሳየች እስክትጨርስ አዳመጠቻት።

«እብጠቱን ስነግረው አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ማታ አብረን እራት ስንበላ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር፣ እቴቴ። ራስሽ እንድትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ እያልኩ… ደግሞ ጥናቱ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።»

አሳየች ቆቡን አወለቀች። ለሽቦዎቹ ከፀጉሯ ሥር የተቀባው ቅባት በጉንጯ ወረደ። ዶርቃ በሶፍት ልትጠርግላት እጇን ስትዘረጋ በክንዷ መለሰቻት።

«አሁን ንገሪኝ» አለች ዶርቃ። «ነገ ጠዋት አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ያማል ወይ? እስኪ ንገሪኝ።»

አሳየች በልጅነቷ ታጥበው የነበረውን የዶርቃን ፊት ተመለከተች። የቱ ጋ እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመራት፣ ሌሊት እንዴት እንደሚያስፈራት፣ ያን ሁሉ ለሮቦቱ ሳትደናቀፍ ነግራው ነበር። አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አላት።

ዓይኗ ሳታዘው ዶርቃን አልፎ፣ በግድግዳው ጠርዝ በኩል ሮቦቱን ፈለገ።