የፋናዬ ዓይን

አባ ፈለቀ በርበሬ በረንዳ ሲደርሱ ያገራቸው ልጆች ግጥም ብለው ወጥተው ጠበቋቸው። ጉራጌ አገር የተስቦ በሽተኞችን ሲያስታምሙ የሞቱትን አባ ይርጋን ሮማ ቅዱስ ልትላቸው ነው ተብሎ ሰፈሩ እልል ብሏል። "ተሸከም" ከመባል ሌላ ስም ያልነበራቸው ሰዎች ዘንድሮ "የቅዱሱ አገር ልጆች" ተብለዋል።

የቀረው የአንድ ተአምር ምስክር ነበር። እሷም በርበሬ ነጋዴዋ ፋናዬ ናት። አባ ይርጋ መቃብር ላይ አልቅሳ ዓይኗ በራላት ተባለ። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩት አባ ፈለቀ ናቸው።

እናታቸውን የቀበሩላቸው አባ ይርጋ ነበሩ። ተአምሩ እውነት እንዲሆን እንደ አባ ፈለቀ የተመኘ የለም። ፋናዬ በጆንያዎቹ መካከል አንዳች ሳያደናቅፋት ስትመላለስ ሲያዩ ግን ልባቸው ፈራ። የዚች ሴት ዓይን መቼም ጠፍቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ጎረቤቷን ሐጀራን ለብቻዋ ጠሯት።

"እውነት ዓይነ ስውር ነበረች?"

"ኧረ አባ! እጇን ይዤ መንገድ ሳሻግራት የኖርኩት እኔ አይደለሁም? ካገር ከተመለሰች ወዲህ ነው እጄን እምቢ ያለችው።"

ሐጀራ እስላም ናት፤ ለአባ ይርጋ ብላ አትዋሽም። አባ ፈለቀ በመጠርጠራቸው አፈሩ።

ወደ ፋናዬ ሱቅ ተመልሰው የጃንሆይ ሥዕል ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ ከፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አስቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያንቀጫቀጩ ጠየቋት።

"በእጄ የያዝኩት ምንድን ነው?"

"መቁጠሪያ ነዋ!" ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን እንባዋ መጣ። "አባ፣ ወንድሜ ዱባለ ጭድ ተራ ላይ ሸክም ተጭኖት ሲሞት ስሙን የጠየቀ አልነበረም። 'አንድ ኩሊ ሞተ' ነው ያሉት። ዛሬ ሰው ቆሞ፣ 'የቅዱሱ አገር ልጅ ነሽ?' ይለኛል። ዱባለ ይህን ሳይሰማ ቀረ።"

ውጭ እልልታው ደርቷል። አባ ፈለቀ ሊባርኳት እጃቸውን አነሱ፤ ቃል ግን አልወጣላቸውም። ቀስ ብለው ተነስተው ወደ በሩ አመሩ።

ደጃፉን ሳይሻገሩ ባርኔጣቸውን መርሳታቸው ትዝ አላቸውና ዘወር አሉ።

ፋናዬ ፊቷን ወደ ባዶው ወንበር አድርጋ፣ "አባ፣ ምነው ዝም አሉኝ? አላመኑኝም እንዴ?" ትላለች።